የተቆረጠ፣ ፕላስቲክ ወይስ ከነሥሩ? የገና ዛፍ አመራረጥ መመሪያ

የገና ዛፍ ነገር ሲነሣ ክርክሩ ብዙ ጊዜ ከስሜት ይጀምራል። አንዱ ወገን «ለጥቂት ሳምንታት ጌጥ ሲባል አረንጓዴ ዛፍ ይቆረጣል ወይ?» ብሎ ያዝናል። ሌላው ወገን ደግሞ «ፕላስቲክ ገትሮ ገና አከበርኩ ማለት ምን የሚሉት ነው?» ብሎ ያፌዛል። ሁለቱም የሚናገሩት ስለ ራሳቸው ነው፤ ስለ ዛፉ የተናገረ የለም። ለመምረጥ የሚጠቅሙት ጥያቄዎች ደረቅ ያሉ ናቸው፦ ዛፉ ከየት መጣ? ቤት ውስጥ ማን ይንከባከበዋል? ስንት ዓመት ያገለግላል? በዓሉ ሲያልፍስ ማረፊያው የት ነው?

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ቤቱ ምንም ዛፍ የሌለውና ዘንድሮ ለመግዛት ያሰበ ሰው፣ በየቀኑ ውኃ የሚያጠጣ ከሆነና ከበዓሉ በኋላ ዛፉን ወደ አፈር የሚመልስበት መንገድ ካለው፣ እውነተኛውን ይግዛ እላለሁ። ካርቶን ውስጥ ደህና ፕላስቲክ ዛፍ ያለው ሰው ግን ያንኑ ያውጣ። «ለአካባቢ አስባለሁ» ብሎ የሚያገለግል ዕቃ መጣል ኪሳራው ድርብ ነው። ምክንያቱን ዝቅ ብዬ በቁጥር አሳያለሁ።

ከእርሻ እንጂ ከጫካ አይደለም

ስለ እውነተኛው ዛፍ የሚነገረው ትልቁ ስሕተት «ደን ይጨፈጨፋል» የሚለው ነው። ትልልቆቹ የገና ዛፍ ገበያዎች ባሉባቸው አገሮች የሚሸጡት ዛፎች እጅግ አብዛኞቹ ለዚሁ ሲባል በእርሻ የተተከሉ ናቸው፤ እንደ ማንኛውም ሰብል ተተክለው፣ ታርመው፣ ተገርዘው የሚሰበሰቡ። ልዩነቱ ሰብሉ በወራት ሳይሆን በዓመታት የሚደርስ መሆኑ ነው። ሁለት ሜትር ገደማ የሚሆን ዛፍ ለማድረስ ብዙውን ጊዜ ከ7 እስከ 10 ዓመት ይፈጃል። በአሜሪካ ብቻ በየዓመቱ ከ25 እስከ 30 ሚሊዮን የሚሆኑ እውነተኛ ዛፎች ይሸጣሉ። ይህ ሁሉ ተቆርጦም በእርሻዎቹ ላይ የቆመው ከተቆረጠው ብዙ እጥፍ ነው፤ ዘንድሮ የደረሰውን የሚሸጥ ገበሬ የመጪዎቹን ዓመታት ዛፎች በየዕድሜያቸው ደርድሮ ማቆየት ግዱ ነውና። በተቆረጠው ምትክ በቀጣዩ የመትከያ ወቅት ችግኝ ካልገባ፣ ከስምንት ዓመት በኋላ ገበሬው ባዶ እጁን ይቀራል።

ይህ የጊዜ ርዝመት ቀልድ አያውቅም። እ.ኤ.አ. በ2008 የዓለም ኢኮኖሚ ሲናጋ የአሜሪካ ዛፍ አምራቾች ገቢያቸው አሽቆለቆለና የሚተክሉትን ችግኝ ቀነሱ። ጉድለቱ ገበያ ላይ የታየው በ2016 እና በ2017 ገደማ ነው፤ ዛፉ አነሰ፣ ዋጋው ወጣ። ገዢው «ዘንድሮ ምን ነካቸው?» ሲል መልሱ ስምንትና ዘጠኝ ዓመት ወደ ኋላ ተቀብሮ ነበር።

አውሮፓ ውስጥ እጅግ ተፈላጊ የሆነውን ኖርድማን ፈር የተባለውን ዝርያ ደግሞ ቀረብ ብለን እንየው። የትውልድ ቦታው የካውካሰስ ተራሮች ናቸው። ዴንማርክ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ዛፎችን አሳድጋ ወደ ሌሎች አገሮች ትልካለች፤ ዘሩ ግን በብዛት የሚመጣው ከጆርጂያ፣ በተለይም ራቻ ከሚባለው ተራራማ ክልል፣ ከአምብሮላውሪ ከተማ አካባቢ ነው። የዚህ ዛፍ ፍሬ ቁልቁል አይንጠለጠልም፤ የላይኛው ቅርንጫፍ ላይ ሽቅብ ይቆማል። ሲበስልም እንዳለ አይወድቅም፤ እዚያው ላይ እየተፈረፈረ ዘሩን ለነፋስ ይሰጣል። ስለዚህ ለቃሚው ሥር ቁጭ ብሎ መጠበቅ አይችልም። በመስከረም ገደማ፣ ፍሬው ሳይፈርስ፣ ከ30 ሜትር በላይ የሚረዝም ዛፍ አናት ላይ ወጥቶ በአንድ እጁ ግንዱን አቅፎ በሌላው፣ ሙጫ በተለቀለቀው እጁ፣ ፍሬውን እየጠመዘዘ ከረጢቱን ይሞላል። ያለ ገመድና ያለ ቀበቶ የሚወጡ ለቃሚዎች ጉዳይ፣ የሚከፈላቸውም ገንዘብ ማነስ፣ ለዓመታት ሲያነጋግር ቆይቷል። እውነተኛ ዛፍ እንግዛ ስንል ይህንንም አውቀን ቢሆን መልካም ነው።

እርሻ ነው ማለት ንጹሕ ነው ማለትም አይደለም። ችግኙ በአረም እንዳይዋጥ ፀረ አረም ይረጫል፤ ለተባይና ለፈንገስም የየራሱ መድኃኒት አለ። ሰፊ መሬት በአንድ ዓይነት ዛፍ ሲሸፈን የሚመጣው ችግር ሁሉ እዚህም አለ። በሌላ በኩል እነዚህ እርሻዎች ብዙ ጊዜ ለእህል በማይመች ተዳፋት ላይ የሚገኙ ናቸው፤ አፈሩ በየዓመቱ አይገለበጥም፤ ዛፎቹም ገና አጭር ሳሉ በመካከላቸው ክፍት ቦታ ስለሚኖር በጀርመን ዛወርላንድ አካባቢ የተደረገ ጥናት በእርሻ መሬት ላይ የሚኖሩ፣ ቁጥራቸው እየተመናመነ ያለ ወፎች መጠለያ ሆነው እንዳገኛቸው ዘግቧል። በቅርብዎ ኬሚካል ሳይጠቀም ወይም በጥቂቱ ብቻ ተጠቅሞ የሚያመርት ገበሬ ካለ ከእሱ መግዛት ከሁሉ ይሻላል። ጠይቆ መረዳት አያስነውርም፤ የሚሠራውን የሚያውቅ ገበሬ ይመልሳል።

ሰው ሠራሹ ዛፍ ከምን ተሠራ?

ሰው ሠራሽ የገና ዛፍ አዲስ ነገር አይደለም። በ19ኛው መቶ ዘመን ጀርመኖች የዝይ ላባ አረንጓዴ ቀለም ነክረው፣ በሽቦ ላይ ጠምጥመው ዛፍ ይሠሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ብሩሽ አምራቾች በዚያው ብሩሽ በሚሠሩበት ማሽን የዛፍ ቅርንጫፍ ማምረት ጀመሩ። በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ከአሉሚኒየም የተሠራ የሚብለጨለጭ ዛፍ ፋሽን ሆነ። ብረት ስለሆነ የኤሌክትሪክ አምፖል ሊጠመጠምበት አይችልም፤ ሰው እንዳይነዝረው መብራቱን ከሩቅ፣ ባለቀለም ክብ በሚሽከረከርበት መብራት ነበር የሚያበሩለት። ውበቱ ለዓይን ይከብዳል፤ ቢሆንም ከዛሬው ፕላስቲክ ጋር ሳነጻጽረው ዛፍ ነኝ ብሎ አለመዋሸቱን አደንቅለታለሁ።

ዛሬ የሚሸጠው በአብዛኛው ቻይና ውስጥ የሚመረት ሲሆን የሚሠራው ከሁለት ዓይነት ፕላስቲክ ነው። ርካሹ ፒቪሲ ነው፤ ስስ ሉክ ሆኖ ይወጣል፣ በቀጭን በቀጭኑ ይተለተላል፣ በሽቦ ላይ ይጠመጠማል። ሲዳስሱት እንደ ወረቀት ጭረት ለስለስ ይላል፣ ከጊዜ በኋላም ይረግፋል። ወደድ ያለው ፖሊኢትሊን ነው፤ ከእውነተኛ ቅርንጫፍ በተወሰደ ቅርጽ እየፈሰሰ ስለሚሠራ ቅጠሉ ድቡልቡልና ጠንካራ ነው። ብዙ ዛፎች ውጩ ፖሊኢትሊን፣ ውስጡ ፒቪሲ ናቸው፤ ሻጩ ግን የሚያወራው ስለ ውጩ ብቻ ነው። ቅርንጫፉን ገለጥ አድርገው ግንዱ አጠገብ ያለውን ይመልከቱ።

በተለይ አሮጌ ፒቪሲ ዛፎች ፕላስቲኩ እንዳይበላሽ ሊድ የተባለ መርዛማ ብረት የተጨመረባቸው ሊሆኑ ይችላሉ። ዛፉ ሲያረጅ ይህ ብረት ከብናኙ ጋር ይወጣል። ከማን እንደ መጣ፣ ስንት ዓመት እንደሆነው የማይታወቅ፣ ሲነካኩት ዱቄት የሚያራግፍ ዛፍ ሕፃናት ባሉበት ቤት ባይቆም ይመረጣል።

ሰው ሠራሹ ዛፍ የሚመሰገንበትም ብዙ ነው። ውኃ አይጠጣም፣ ሙጫ አያንጠባጥብም፣ ከወር በላይም ቢቆም መልኩ አይለወጥም። ወጪው አንድ ጊዜ ነው። ደረጃ ወጥተው፣ ግንድ ተሸክመው ማምጣት ለማይችሉ አረጋውያን ተገጣጣሚው ዛፍ ትልቅ ዕረፍት ነው። ትልቁ ጉድለቱ መጨረሻው ላይ ነው፦ ፕላስቲኩና የብረት ሽቦው ተጠማዝዘው ስለተያያዙ ለይቶ መልሶ ጥቅም ላይ ማዋል አይቻልም ማለት ይቻላል። የሚጠብቀው የቆሻሻ መጣያ ነው፤ እዚያም ከገዢው የልጅ ልጆች ዕድሜ በላይ ይቆያል።

ቁጥሩ ምን ይላል?

ካርቦን ትረስት የተባለው የእንግሊዝ ድርጅት ያወጣው ስሌት ነገሩን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ሁለት ሜትር የሚሆን ሰው ሠራሽ ዛፍ ከምርት እስከ መጣል 40 ኪሎ ግራም ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚመዝን የሙቀት አማቂ ጋዝ ያስከትላል። ተመሳሳይ ቁመት ያለው እውነተኛ ዛፍ ተከትክቶ አፈር ላይ ቢበተን ወይም ቢቃጠል 3.5 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። ያው ዛፍ በቆሻሻ መጣያ ውስጥ ተቀብሮ አየር አጥቶ ቢበሰብስ ግን 16 ኪሎ ግራም ይደርሳል፤ አየር በሌለበት ሲበሰብስ የሚወጣው ሚቴን የተባለው ጋዝ ሙቀት በማመቅ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ እጅግ የከፋ ስለሆነ።

አሁን እናስላው። እውነተኛ ዛፉን በየዓመቱ የሚያስከትክቱ ከሆነ ፕላስቲኩ ከእሱ እኩል ለመሆን 12 ዓመት ማገልገል አለበት። በየዓመቱ እውነተኛ ዛፍ ገዝተው ከቆሻሻ ጋር የሚጥሉ ከሆነ ግን ፕላስቲኩ በሦስተኛው ዓመት ይበልጥዎታል! የክርክሩ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። «እውነተኛው ይሻላል» የሚለው አባባል የሚቆመው ዛፉ ከበዓሉ በኋላ በሚሄድበት ቦታ ላይ ነው። ይህን የማይጠይቅ ሰው ጥሩ ነገር ገዝቶ መጥፎ ነገር ይሠራል።

ሌሎች ጥናቶች ሌላ ቁጥር ያወጣሉ። ኤሊፕሶስ የተባለ የሞንትሪያል አማካሪ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው ስሌት ፕላስቲክ ዛፍ ተመራጭ የሚሆነው 20 ዓመት ገደማ ካገለገለ ነው ብሏል። በሰው ሠራሽ ዛፍ ነጋዴዎች ማኅበር ወጪ አሜሪካ ውስጥ የተሠራ ጥናት ደግሞ አምስት ዓመት እንኳ ሳይሞላ ይበቃል ይላል። የቁጥሩ መራራቅ አያስደንግጥ፤ መጠየቅ ያለበት ዛፉ መጨረሻው የት እንደሆነ ታስቦ ነው የተሰላው፣ የጥናቱንስ ወጪ ማን ሸፈነ የሚለው ነው።

ሌላው የሚዘነጋ ነገር መኪናው ነው። ነዳጅ የሚጠቀም መካከለኛ መኪና በኪሎ ሜትር ከ150 እስከ 250 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል። ደርሶ መልስ 20 ኪሎ ሜትር ነድቶ ዛፍ ማምጣት እንግዲህ ከ3 እስከ 5 ኪሎ ግራም ማለት ነው፤ ዛፉ ራሱ ከሚያስከትለው ጋር የሚቀራረብ። ለአንድ ዛፍ ብሎ ሩቅ አገር መንዳት ትርፉን በመንገድ ላይ መበተን ነው። ከሌላ ጉዳይ ጋር አዳብለው ይሂዱ፣ ወይም ከጎረቤት ጋር ተጋርተው በአንድ መኪና ያምጡ።

የትኛውን ዝርያ?

እውነተኛ ዛፍ ለመግዛት ከወሰኑ ሁሉም ዛፍ አንድ አይደለም። ኖርዌይ ስፕሩስ የቆየው፣ የታወቀው ዛፍ ነው፤ መዓዛው ደስ ይላል፣ ዋጋውም ብዙ ጊዜ ከሌሎቹ ይቀንሳል፤ ሞቃት ሳሎን ውስጥ ግን ቅጠሉን ቶሎ ያራግፋል። እ.ኤ.አ. ከ1947 ጀምሮ የኦስሎ ከተማ በየዓመቱ ለለንደን የምትልከውና ትራፋልጋር አደባባይ የሚቆመው ትልቅ ዛፍ ይኸው ዝርያ ነው፤ እዚያ ግን ብርድ ላይ ስለሚቆም ችግር የለበትም። ቤት ውስጥ ከሁለት ሳምንት በላይ ለማቆየት ላሰበ ሰው ኖርድማን ፈር ይሻላል፦ ቅጠሉ ሰፋ ያለ፣ ጫፉ የማይወጋ፣ በቀላሉ የማይረግፍ ነው። በምትኩ ሽታው ደካማ ነው። ሽታም ቅጠል መያዝም አንድ ላይ የሚፈልግ ሰው በሰሜን አሜሪካ ፍሬዘር ፈር ይፈልግ፤ ተፈጥሮው የደቡብ አፓላቺያ ተራሮች ሲሆን ቅርንጫፉ ጠንካራ ስለሆነ ከባድ ጌጥ ይሸከማል። ባልሳም ፈር በመዓዛ የሚስተካከለው የለም። ብሉ ስፕሩስ መልኩ የሚማርክ፣ ቅጠሉ ግን እንደ መርፌ የሚወጋ ነው፤ ድመትን ከጌጡ ለማራቅ ካልሆነ በቀር ልጆች ላሉበት ቤት አልመክረውም። ስኮትስ ፓይን ቢደርቅም ቅጠሉን አጥብቆ የሚይዝ ዛፍ ነው፤ ይህ ጥሩም መጥፎም ነው፤ መድረቁን አያሳብቅምና።

ከሻጩ ዘንድ ሲደርሱ ቅርንጫፉን በጣትዎ ያዝ አድርገው ወደ ራስዎ ይሳቡ። ቅጠሉ በእጅዎ ከቀረ ዛፉ ከተቆረጠ ሰንብቷል። ቀጥሎ ዛፉን ጥቂት ከፍ አድርገው ግንዱን መሬት ላይ ያጠቁሙት፤ ከውስጥ በኩል የቆዩ ቡናማ ቅጠሎች ቢረግፉ ያለ ነው፤ አረንጓዴው ከረገፈ ግን ይተዉት። ትኩስ ዛፍ ውኃ ስላለው ከመልኩ በላይ ይከብዳል። በመረብ ተጠቅልሎ የሚሸጥ ከሆነ ቢያንስ አንዱን አስፈትተው ይመልከቱ። ከመሄድዎ በፊት የጣሪያዎን ከፍታ ለክተው ለመቆሚያውና ለጫፉ ጌጥ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ይቀንሱ። ሜዳ ላይ ትንሽ የሚመስል ዛፍ ቤት ሲገባ ሳሎኑን ይሞላል።

ውኃው

እውነተኛ ዛፍ ገዝተው ውኃ የማያጠጡ ከሆነ ይህን ጽሑፍ እዚህ ላይ አቁመው ፕላስቲኩን ይግዙ። የተቆረጠ ዛፍ ሥር ባይኖረውም ውኃ ይስባል፤ ግንዱ ሲቆረጥ ግን ሙጫው ቁስሉን ይደፍነዋል። ስለዚህ ቤት ከመግባቱ በፊት ከግርጌው ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር የምትሆን ቀጭን ክብ በመጋዝ ቀጥ አድርገው ይቁረጡና ሳይዘገዩ ውኃ ውስጥ ያቁሙት። ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ደርቆ ከቆየ ሙጫው እንደገና ይደፍነዋል። ግንዱ መቆሚያው ውስጥ አልገባ ቢል ጎኑን አይላጡት፤ ውኃ የሚስበው በዋናነት ከቅርፊቱ ሥር ያለው የውጨኛው ክፍል ነው። ሰፊ መቆሚያ መግዛት ነው መፍትሔው።

በመጀመሪያው ቀን የሚጠጣው መጠን ያስደነግጣል። ግምቱ ለእያንዳንዱ 2.5 ሴንቲ ሜትር የግንድ ውፍረት በቀን አንድ ሊትር ገደማ ነው፤ 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ግንድ አራት ሊትር ይፈልጋል ማለት ነው። መቆሚያው ይህን የማይዝ ከሆነ ሌሊቱን ውኃው ከተቆረጠው በታች ይወርድና ጠዋት ላይ ግንዱ ተደፍኖ ይጠብቅዎታል። ስኳር፣ አስፕሪን፣ ሎሚናት፣ ሌላም ሌላም የሚጨምሩ አሉ፤ ንጹሕ የቧንቧ ውኃ ይበቃል። ዛፉን ከማሞቂያ፣ ከምድጃና ቀጥታ ፀሐይ ከሚገባበት መስኮት ያርቁ። በዚህ መንገድ የተያዘ ኖርድማን ወይም ፍሬዘር ከአራት ሳምንት በላይ ይቆያል።

እሳት

«ሳይቃጠል በቅጠል» የሚባለው እዚህ ላይ ነው። በአሜሪካ በገና ዛፍ የሚጀመሩ የቤት ቃጠሎዎች በዓመት በአማካይ 150 ገደማ ናቸው፤ እውነተኛውም ሰው ሠራሹም ተደምሮ። በአሥር ሚሊዮኖች ከሚቆጠሩት ዛፎች አንጻር ጥቂት ነው፤ ሲደርስ ግን ከሌላው የቤት ቃጠሎ ይልቅ ሰው የመግደል ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም ባደረገው ሙከራ በደረቀ ዛፍ የተነሣ እሳት ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ሙሉ ሳሎን ዋጠ። በደንብ ውኃ የጠጣው ዛፍ ግን በቀላሉ አልያዘም፤ ቢይዝም አልተዛመተም። እንግዲህ «እውነተኛ ዛፍ አደገኛ ነው» የሚለው አባባል ግማሽ ነው፤ አደገኛው የደረቀው ዛፍ ነው።

ሰው ሠራሹም ነፃ አይደለም። እሳት እንዲቋቋም ተደርጎ የተሠራ ለመያዝ ያዘግማል፤ ፒቪሲ ሲቃጠል ግን የሚወጣው ጭስ ሃይድሮጂን ክሎራይድ የተባለ ሳንባ የሚያቃጥል ጋዝ አለው። ለሁለቱም የሚሠራው ጥንቃቄ አንድ ነው፦ ሻማ የለም፤ መብራቱ የማይሞቅ ኤልኢዲ ይሁን፤ ገመዱ የተላጠ ወይም የተቆራረጠ እንዳይሆን ይታይ፤ ሲተኙና ከቤት ሲወጡ ይጥፋ። ቅጠሉ ሲነኩት የሚሰባበር ከሆነ ደግሞ በዓሉ ባያልፍም ዛፉ ይውጣ።

ሽታና አለርጂ

ብዙ ሰው እውነተኛውን ዛፍ የሚመርጥበት እውነተኛው ምክንያት ሽታው ነው፤ ስለ ካርቦን የሚያወራው በኋላ ነው። በዚህ አላፍርም። ፒኒን፣ ሊሞኒንና ቦርኒል አሲቴት የተባሉ ተናኝ ቅመሞች ከሙጫውና ከቅጠሉ ይወጣሉ፤ በፕላስቲኩ ላይ የሚረጨው ሰው ሠራሽ ሽቶ ከእነሱ አንዱን ቢቀዳ ሌሎቹን ይረሳል። ለአስም ሕመምተኛ ግን ይኸው ጠረን ሊከብድ ይችላል። በተቆረጠ ዛፍ ላይ የሻጋታ ብናኝም አለ፤ ሞቅ ባለ ክፍል ውስጥ በሳምንት በሁለት ሳምንት ይራባል። ዛፉን ከማስገባትዎ በፊት ውጭ በውኃ አጥበው፣ አራግፈው ማድረቅና ቤት ውስጥ የሚቆይበትን ጊዜ ማሳጠር ይረዳል። ሰው ሠራሹ ሻጋታ ባይበቅልበትም ዓመቱን ሙሉ በዕቃ ቤት የሰበሰበውን አቧራ ይዞ ነው የሚመጣው፤ ሳይጠረግ መግጠም ማስነጠስ ነው።

ከነሥሩ የሚሸጠውስ?

በሐሳብ ደረጃ ከሁሉ የሚያምረው ይህ ነው፤ በተግባር ከሁሉ የሚከሽፈውም ይኸው ነው። መጀመሪያ በማሰሮው ውስጥ ያደገ ዛፍ ነው ወይስ ከማሳ ተቆፍሮ ማሰሮ ውስጥ የተከተተ ብለው ይጠይቁ። የተቆፈረው አብዛኛውን ሥሩን ማሳው ላይ ትቶ ስለሚመጣ የመጽደቅ ዕድሉ አነስተኛ ነው። ከብርድ ወጥቶ ሞቃት ሳሎን ሲገባም ዛፉ ክረምቱ ያለፈ መስሎት ከእንቅልፉ ይነቃል፤ መልሰው ወደ ብርዱ ሲያወጡት ይመታል። ስለዚህ ቤት ውስጥ ከ7 እስከ 10 ቀን ብቻ ይቆይ፤ ሲገባም ሲወጣም በረንዳ ወይም ጋራዥ ውስጥ ጥቂት ቀናት ይለማመድ። የሚተከልበት ቦታ የሌለው ሰው አይጀምረው። ኖርድማን ሳድግ ከ40 ሜትር በላይ ልረዝም እችላለሁ የሚል ዛፍ ነው፤ ከቤት ግድግዳ ሥር የሚተከል አይደለም። በአንዳንድ ከተሞች ዛፉን አከራይተው ከበዓሉ በኋላ መልሰው የሚወስዱ ድርጅቶች አሉ፤ ካገኟቸው ከመግዛቱ ይህ ይሻላል።

ከመግዛትዎ በፊት የሚጣራ

ከላይ እንዳየነው የእውነተኛው ዛፍ ጥቅም የሚጸናው ወይም የሚፈርሰው ከበዓሉ በኋላ ነው። ስለዚህ የከተማዎ ማዘጋጃ ቤት ዛፍ ይሰበስብ እንደሆነ፣ መቼና የት እንደሚሰበስብ፣ ገንዘብ ሳይከፍሉ በፊት ይወቁ። የተከተከተ ዛፍ ለአትክልት ቦታ ይበጃል፤ አፈሩ ላይ ተነጥፎ እርጥበት ይይዛል፣ አረም ያፍናል። ሌላም ጥቅም አለው። በእንግሊዝ ላንካሻየር የባሕር ዳርቻ፣ በሊዘም ሴንት አንስ፣ ያገለገሉ የገና ዛፎች አሸዋው ውስጥ ተቀብረው ነፋስ የሚያመጣውን አሸዋ እያቆሙ የዳርቻውን የአሸዋ ክምር መልሰው ይገነባሉ። በሉዊዚያና ረግረጋማ ምድር በአጥር መካከል ተደርድረው ማዕበል ያበርዳሉ። አንዳንድ ቦታ ከድንጋይ ጋር ታስረው ሐይቅ ውስጥ ይሰጥሙና ለትናንሽ ዓሣዎች መደበቂያ ይሆናሉ። በበርሊን የእንስሳት ማቆያ ዝሆኖች ሳይሸጡ የቀሩ ዛፎችን ይመገባሉ፤ ከቤት የወጣውን ግን አይሰጧቸውም፤ የጌጥ ሽቦና ስባሪ ሊኖርበት ይችላልና።

ከዚሁ የምንማረው አለ። ዛፉን ለመሰብሰቢያ ከማውጣትዎ በፊት መንጠቆውን፣ ክሩን፣ የሚያብረቀርቀውን ሪባን፣ የመብራት ገመዱን ሁሉ ያውልቁ፤ አንድ ሽቦ የመከትከቻውን ማሽን ምላጭ ይሰብራል። ሰው ሠራሽ በረዶ የተረጨበትን ዛፍ ብዙ ሰብሳቢዎች አይቀበሉም፤ ከመጀመሪያውም አይርጩበት። ቤት ውስጥ ባለ ምድጃም አያንድዱት፤ ሙጫው በድንገት ይንቦገቦጋል፣ የጭስ መውጫውንም በጥቀርሻ ይለስናል።

ሰው ሠራሹን የመረጠ ሰውም ሥራ አለበት። ቅርንጫፉ አንድ በአንድ የሚፈታ፣ የተበላሸው ለብቻው የሚቀየር፣ መብራቱ ከዛፉ ጋር ያልተሰፋ ይምረጥ፤ አብሮ የተሰፋ መብራት ሲቃጠል ሰዎች ሙሉ ዛፉን ይጥላሉ። ፀሐይ ከማይነካው ደረቅ ቦታ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ ይቀመጥ፤ ሙቀት የሚያገኘው ጣሪያ ሥር የተከማቸ ፒቪሲ ቶሎ ይሰባበራል። በመልኩ ሰልችተውት ከሆነ ወደ ቆሻሻ ከመላክዎ በፊት ዛፍ ለሌለው ትምህርት ቤት፣ ለአረጋውያን መኖሪያ ወይም አዲስ ጎጆ ለወጣ ቤተሰብ ያስረክቡት፤ 12ቱን ዓመት እነሱ ይጨርሱለታል።